ሁለታችን አብረን ካልመጣን

ባለፈው ኅዳር ከቡራዩ ወደ ከተማ በታክሲ ስወርድ ድርቆሽ የጫነ መኪና ከፊታችን ገባ። መንገዱ ተጨናንቆ ነበርና ሄድ፣ ቆም እያልን ከኋላው ተከተልነው። ወጣቶቹ ገለባው ገባብን ብለው መስኮታቸውን ዘጉ፤ እኔ የበኩሌን ከፈትኩ። አንዲት የሣር ዘለላ በነፋስ መጥታ ጋቢዬ ላይ አረፈች። አንሥቼ አሸተትኳት። የሱሉልታ ሜዳ፣ የአባቴ ካፖርት፣ የበቅሎ ላብ፣ ሁሉም እዚያች ዘለላ ላይ ነበሩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለካ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ኖሯል። የለም ልጄ፣ ደስ ብሎኝ ነው አልኳት። እውነቴን ነበር።

ልጅ እያለሁ ሁለት ስም ነበረኝ። ሱሉልታ ያለው አባቴ ደምሴ ይለኛል፣ ሰበታ ያለችው እናቴ ገመቹ ትለኛለች። በሁለቱ መካከል፣ ቡራዩ ላይ ያሳደጉኝ ሽማግሌ ግን በአንዱም ጠርተውኝ አያውቁም። «ሙጫ» ነበር የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ ሕፃን ማለት ነው። በአንዱ ስም ቢጠሩኝ ፍርድ እንደ መስጠት ይሆንባቸው ነበር። ነገሩ እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። የእኔ እኩያ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያኔ ነገር አንዴ ከተጀመረ ክረምት ገብቶ ክረምት ይወጣበት ነበር።

አባቴ በላቸው አገሩ ቡልጋ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሱሉልታ መጥቶ የድርቆሽ ንግድ ያዘ። ያ ሜዳ ክረምቱን ውሃ ይተኛበትና ከመስቀል በኋላ ሲጠፍፍ ሣሩ የሰው ወገብ ይደርሳል። አባቴ ያንን አሳጭዶ፣ አድርቆ፣ በበቅሎ እየጫነ እንጦጦን ያሻግርና ለከተማው የጋሪ ፈረሶችና ለወተት ላሞች ያቀርባል። እናቴ ጫልቱ የሰበታ ገበሬ ልጅ ናት። ተጋቡ፣ ወለዱኝ፣ አልተስማሙም፣ ተፋቱ። ጥፋቱ የማን እንደ ነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱም የነገሩኝን ሰምቻለሁ፤ ሁለቱንም አምኛቸዋለሁ።

እናቴ እኔን አዝላ አገሯ ተመለሰችና በጅማ መንገድ ዳር ጠላ ቤት ከፈተች። አባቴ ሌላ ሚስት አገባ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። አባቴ ልጄ በጠላ ቤት፣ በሰካራም መካከል አያድግም ብሎ ከሰሰ። እናቴም ልጄን ለእንጀራ እናት አልሰጥም ብላ መለሰች። በዚህ ቢቆም ጥሩ ነበር። አባቴ በሰው ፊት፣ ከረታሁ ዳግመኛ ዓይኑን አታየውም ብሎ ማለ። እናቴ ይህን ስትሰማ የእሷን መሐላ በዚያው ልክ ማለች። እንግዲህ የእኔ ነገር ይህ ነበር፦ አባቴ ቢረታ እናት የለኝም፣ እናቴ ብትረታ አባት የለኝም። ሰዎች ማን ይረታ ይሆን እያሉ ሲጫወቱ እኔ ማንም እንዳይረታ እጸልይ ነበር።

የሁለቱ ዘመዶች በእኔ የተነሣ ዱላ እስከ መማዘዝ ደረሱ። ጉዳዩን የያዙት አጥቢያ ዳኛ ሰው እንዳይሞት ፈሩና፣ ፍርዱ እስኪቆረጥ ልጁ በሦስተኛ ሰው እጅ በአደራ ይቀመጥ አሉ። አባቴ የሰበታን ሰው አላምንም አለ። እናቴ የሱሉልታን ሰው አላምንም አለች። በመጨረሻ አባቴ በድርቆሽ የሚያውቃቸው፣ እናቴም በሩቅ ዝምድና የምታውቃቸው አንድ ሽማግሌ ተገኙ። ኦቦ ቱፋ ይባላሉ፤ ከገፈርሳ ውሃ በታች የሚያርሱ የቡራዩ ገበሬ ናቸው። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተው ከሚስታቸው ከአዴ ሎሚ ጋር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

ያን ቀን ትንሽ ልጅ ብሆንም አልረሳውም። ከኦቦ ቱፋ ደጅ፣ ከወይራው ሥር ቆመናል። አባቴ ቀኝ እጄን፣ እናቴ ግራ እጄን ይዘዋል፤ አንዳቸውም ቀድመው መልቀቅ አልፈለጉም። የእናቴ መዳፍ ደረቅና ሙቅ፣ የአባቴ በላብ የራሰ ነበር። ዳኛው ኦቦ ቱፋን ይማሉ ሲሏቸው አባቴ እጁን አነሣ። አባቴ ነገር ዐዋቂ ነው፤ በሙግት የሚስተካከለው የለም ይባል ነበር፤ እሱም ይህን ያምን ነበር። መሐላውን እኔ ላውጣው አለ። የእናቴ አጎት ጭቃ ሹም ነበርና በሥልጣኑ በጓሮ በር ያስወስደዋል ብሎ ሰግቷል። ጉሮሮውን ጠረገና ቃል በቃል እያስደገመ እንዲህ አስማላቸው፦

«ይህን ልጅ ከሁለት እጅ ተቀብያለሁ። ሁለታችሁ አብራችሁ ካልመጣችሁ ለአንዳችሁ አልሰጥም። ሹም ቢልም፣ ዳኛ ቢልም አልሰጥም።»

«ዳኛ ቢልም» ሲል ዳኛው ሳል ሳል አላቸው። አባቴ ግን በቃሉ ውበት ተማርኮ ልብ አላለም። ከዚያ አባትና እናቴ ጎንበስ ብለው ከደጁ ሰርዶ ነጩ፣ ለምለሙን ለኦቦ ቱፋ ሰጡ። ኦቦ ቱፋም ሁለቱን ጭብጥ አንድ ላይ ጠቅልለው ከበሩ በላይ ክዳኑ ውስጥ ሻጡት። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ አሉ። ያኔ ነው ሁለቱ እጆች የለቀቁኝ።

አባባ ቱፋ፣ እኔ እንደዚያ ነበር የምጠራቸው፣ ዝግተኛ ሰው ነበሩ። በሬዎቻቸው እንኳ ከሌላው በሬ ይዘገያሉ ይባል ነበር። ማለዳ ከጭጋጉ ጋር ወጥተን ወደ ውሃው እንወርዳለን፤ ዳክዬዎቹ በአንዴ ሲነሡ ውሃው የተቀደደ ሸማ ይመስላል። ሲመሽ የአዴ ሎሚ ጓዳ የቅቤና የኮሰረት ሽታ ይሸታል። እሷን አኮ ሎሚ፣ አያቴ ሎሚ እንደ ማለት፣ ስላት «የአኮ ልብ» ብላ ራሴን ትስመኛለች። እሷን አንቺ፣ እሳቸውን አንቱ እል ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያስተማረኝ የለም፣ እንዲያው እንደዚያ ሆነ።

አባባ ቱፋ በእኔ ጉዳይ ሚዛን ነበሩ። እናቴ በሰንበት፣ የወጨጫን ተራራ በግራዋ አድርጋ በእግሯ ስትመጣ ጭኮ ታመጣልኛለች፤ ገብሱ በንጥር ቅቤ የታሸ፣ እንደ እናቴ ጭኮ ያለ ኋላም ቀምሼ አላውቅም። አባቴ ድርቆሹን ከተማ አራግፎ በገበያ ቀን ሲመጣ የሱሉልታ ማር ያመጣልኛል። አባባ ቱፋ ከጭኮው ከፍለው ለአባቴ ቀን ያስቀምጣሉ፤ ከማሩ ከፍለው ለእናቴ ቀን ያስቀምጣሉ። እንግዳ ሲመጣ ያለው ይቀርባል፤ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አባቴ ከወይራው ሥር ተቀምጦ ጭኮውን እየጎረሰ «አዴ ሎሚ፣ እጅዎ ይባረክ» ይላል። አኮ ሎሚ አሜን ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ከእናቴ ጋር በትዳር ሳለ ጭኮ የገበሬ ስንቅ ነው ብሎ አፉ አድርጎት አያውቅም ነበር።

የጠጉሬ ነገርም ነበር። እናቴ ቁንጮ ይተውለት ትላለች፤ አባቴ ሙልጭ ተደርጎ ይላጭ ይላል። አባባ ቱፋ ለአንዱ ማድላት ስላልፈለጉ ምንም ሳይነኩት ቀሩ። ጎፈሬዬ አድጎ አድጎ ወፍ ቤት ሊሠራበት ሲደርስ፣ ቅማሉ ያስመረራት አኮ ሎሚ አንድ ቀን ምላጭ አንሥታ «የዚህን ኃጢአት ማርያም በእኔ ላይ ትጻፍብኝ» ብላ ላጨችኝ። በሚቀጥለው ሰንበት እናቴ አኮረፈች፤ በገበያው ቀን አባቴ ደስ አለው። አባባ ቱፋ ይህን አይተው እናቴን ለማካካስ የላከችልኝን ሸሚዝ አባቴ በሚመጣበት ቀን አለበሱኝ።

የሰፈሩ ልጆች ከብይና ከድብብቆሽ ሌላ በእኔ ሰበብ ያመጡት ጨዋታ ነበራቸው፤ ችሎት እንጫወት ይላሉ። አንዱ ዳኛ ይሆናል፣ ሁለቱ ሸንበቆ እየሰበቁ «ተጠየቅ!» ይባባላሉ። እኔን መካከል ድንጋይ ላይ ያስቀምጡኛል። ዳኛ ልሁን ብዬ ስለምን አንተ ነገሩ ነህ፣ ነገር እንዴት ይዳኛል ብለው ይሥቁብኛል። ፍርዳቸው ግን ጥሩ ነበር፤ እስከ እራት የእናቱ፣ ከእራት በኋላ የአባቱ ብለው ይፈርዱና ወደ ብያቸው ይመለሳሉ።

እውነተኛው ችሎት እንዲህ ቶሎ አይፈርድም። ቀጠሮ፣ ደግሞ ቀጠሮ፣ ይግባኝ፣ ደግሞ መልስ። በቀጠሮ ቀን አባባ ቱፋ ነጭ በርኖሳቸውን ደርበው እጄን ይዘው ይወስዱኛል። አባትና እናቴ በችሎቱ ፊት እንደ አውራ ዶሮ ይተናነቃሉ። አባቴ ዘንጉን እየሰበቀ ጠላ ቤቱን ሲያነሣ፣ የሰካራሙን ጩኸት፣ የብርጭቆውን ስባሪ፣ ሁሉን እንዳየ ሰው ይዘረዝራል። እናቴም የእንጀራ እናቴን ስታነሣ፣ አይታት የማታውቃትን ሴት፣ የጥፍሯን ርዝመት ሳይቀር ትናገራለች። ከችሎት ስንወጣ ግን መንገዱ አንድ ነውና እስከ መገንጠያው ሁላችንም አብረን እንሄዳለን። እናቴ ከፊት፣ አባቴ ከኋላ፣ እኔና አባባ ቱፋ ከመካከል። እኔ ያን መንገድ እወደው ነበር። ሁለቱም ያሉበት መንገድ ሌላ አልነበረኝም።

አንድ ጊዜ አዲስ የመጡ ዳኛ ክርክሩ ሰለቻቸውና ወደ እኔ ዞሩ። ከማን ጋር መኖር እንደምፈልግ ጠየቁኝ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፤ አባቴ ዘንጉን አቁሞ በእኔ ላይ ዓይኑን ተክሏል። ሁለቱም ምን ማለት እንዳለብኝ ቀደም ብለው አስጠንተውኛል፤ ሁለቱንም አጥንቼ ነበር። አባባ ቱፋን ቀና ብዬ አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ። ገባኝ። እኔም መሬት መሬት አየሁ። ዳኛው ደጋግመው ቢጠይቁኝ አልመለስኩም።

«ይህ ልጅ ዲዳ ነው እንዴ?» አሉ።

«የለም ጌታዬ» አሉ አባባ ቱፋ፤ «አደራ ነው።»

ዳኛውም ሌላ ቀጠሮ ሰጡ።

እንዲህ እያልን ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ልጀምር ስል አንድ ቀን ነገሩ ተቆረጠ። አባቴ ረታ። ሕፃንነቱን ጨርሷል፣ ወንድ ልጅ ለአባቱ ተባለ። ያን ቀን እኔን አልወሰዱኝም፤ እናቴ ችሎቱ ውስጥ አላለቀሰችም አሉ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ በሚቀጥለው ሰንበትም አልመጣችም። እኔ ከወይራው ሥር ተቀምጬ እስኪጨልም መንገዱን ሳይ ዋልኩ። አኮ ሎሚ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

አባቴ ሊወስደኝ ሲመጣ ሠርገኛ መስሎ ነበር። በቅሎው ግላስ ለብሳ ቃጭሏ ከሩቅ ይሰማል። ለእኔ አዲስ ካኪ ቁምጣ ይዟል። ገና ከበቅሎው ሳይወርድ አካም ቡልተኒ ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ፤ ሲደሰት ብቻ ነበር በኦሮምኛ የሚናገር። አባባ ቱፋ ነጋ፣ ሰላም ነው ብለው መለሱ፣ አስቀመጡት፣ እርጎ አስጠጡት። አባቴ ማኅተም ያረፈበትን የፍርድ ወረቀት ከደረት ኪሱ አውጥቶ ዘረጋ። አባባ ቱፋ ማንበብ ባይችሉም ማኅተሙን ሲያዩ ብድግ ብለው ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እጅ ነሡ። ከዚያ ተቀመጡና መንገዱን አዩ።

«እሷስ?» አሉት።

«ማን?»

«እናቱ ናታ። ከሁለት እጅ ነው የተቀበልኩት።»

አባቴ ሣቀ። ኦቦ ቱፋ የሚቀልዱ መስሎታል። ዳኛ ፈርዷል አለ። አባባ ቱፋም ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ወረቀቱ ለአንተና ለእሷ ይናገራል፣ ለእኔ የሚናገረኝ መሐላዬ ነው፤ ዳኛ ቢልም ብለህ ያስማልከኝ አንተ ነህ አሉት። አባቴ ተቆጣ፣ ለመነ፣ ደግሞ ተቆጣ። ቃሉን በቃል ሊፈታው ሞከረ፤ ነገር ግን የራሱ ቃል ነበርና የሚፈታበት ቀዳዳ አልተወለትም። በመጨረሻ ቁምጣውን ለአኮ ሎሚ ሰጥቶ፣ ባዶ በቅሎ እየሳበ ሄደ።

ወደ ዳኛው ሄዶ ከሰሰ። ዳኛው ነገሩን ሰምተው፣ መሐላውን ያወጣው ማን ነው ብለው ጠየቁ። እኔ ነኝ ጌታዬ አለ። ችሎቱ በሣቅ ፈረሰ። ዳኛውም ሣቃቸውን ውጠው «እንግዲያስ ባሰርክበት አንደበት ሂድና ፍታው» ብለው አሰናበቱት። ይህን አባቴ ራሱ ነው ሲያረጅ ያጫወተኝ፤ ሲያጫውተኝም ይሥቅ ነበር። ያን ቀን ግን አልሣቀም። ሱሉልታ ገብቶ ከሰው ሳይናገር ከረመ። የእንጀራ እናቴ ናት በኋላ፣ ምን ታየኛለህ፣ ሂድና እናቱን አምጣት፣ እኔ አልበላትም ያለችው። እሷም ደግ ሴት ኖራለች፤ ጥፍሯም አጭር ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናቴ ናት የነገረችኝ። እኩለ ቀን ላይ ጠላ ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት አንድ ሰው ከበሩ ቆመ። ፀሐዩ ከኋላው ስለነበር መጀመሪያ አላወቀችውም። አባቴ ያን ሁሉ ዘመን በችሎት የዘረዘረውን ቤት ገና ያን ቀን ማየቱ ነው። ሰካራም የለም። ወለሉ ተጠርጓል፣ ብርጭቆዎቹ ተደፍተዋል፣ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ጥግ ይዞ ያንጎላጃል። እናቴም እንደ ማንኛውም እንግዳ ቁጭ በል አለችው። ጠላ ቀዳችለት። እንግዳ በባዶ ሆዱ አይጠጣምና ጭኮ በሰሃን አደረገችለት።

አባቴ አንድ ጎረሰና ማኘኩን ተወ። «የአዴ ሎሚን ጭኮ ከየት አመጣሽው?» አላት።

እናቴ እንዲያ ልቧ ቆስሎ ሣቋን መቆጣጠር አልቻለችም። «አዴ ሎሚ በዕድሜያቸው ጭኮ አሽተው አያውቁም» አለችው።

እሷ ደግሞ ቡራዩ ስትሄድ የምትቀምሰው ማር የማን እንደሆነ ያኔ ገባት። አባቴ ሰሃኑን አስቀመጠ። ቀና ሲል የጓዳው መጋረጃ ገለጥ ብሎ ኖሮ ወደ ውስጥ አየ። ከመደቡ ጎን ትንሽዬ መደብ አለች፤ ትንሽ ጋቢ ተነጥፎባታል፤ ከራስጌዋ የእንጨት በሬ ተቀምጧል። የማን እንደሆነች አልጠየቀም። ያ ሁሉ ዘመን ማንም ያልተኛባት መደብ በየጠዋቱ ትነጠፍ ነበር። 

አብረን እንሂድ አላት። ልጄን ላስረክብ አልሄድም አለችው። እሱም አልስማማም ብሎ ተነሣ፣ በሩ ጋ ደረሰ፣ ተመለሰ። እንደዚያ ከሆነ ሁለታችንም እንቀበለው አለ። ይህንኑ ቃል እንዲደግመው አደረገችው። የነገር ሰው ልጅ አይደለችም እንጂ ከእሱ ጋር ተሟግታ ተሟግታ ተምራለች።

በማግሥቱ ከአባባ ቱፋ ጋር ከውሃው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነበርን፤ ጥቅምት ነው፣ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኖ ሊጠወልግ የተቃረበበት ሰሞን። በሰበታ በኩል ቃጭል ሰማሁ። የማውቀው ቃጭል ነው፣ የመጣበት አቅጣጫ ግን የማላውቀው። አባቴ ከሱሉልታ እንጂ ከሰበታ መጥቶ አያውቅም። ቀጥሎ በቅሎዋ ከባሕር ዛፎቹ መካከል ብቅ አለች፤ ግላሷ በፀሐይ ያብረቀርቃል። በላይዋ ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። ልጓሙን ይዞ በእግሩ ከፊት የሚመራው አባቴ ነው።

ያ በላቸው፣ በቅሎውን ለወንድሙ እንኳ የማያውስ ሰው፣ ፈት ሚስቱን አስቀምጦ እሱ በእግሩ። በማሳው የነበሩ ገበሬዎች ማጭዳቸውን ይዘው ቀና አሉ። ከአንዱ ጎጆ አንዲት ሴት እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከማዶ ሌላዋ ተቀበለች፤ ከዚያ ከየቤቱ ሆነ። ችሎት ይጫወቱ የነበሩት ልጆች ሮጠው ወረዱ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ሁልጊዜ ወደ አንዱ ስሮጥ ሌላው የከፋው ስለሚመስለኝ እግሬ መሄድ አልለመደም ነበር።

አባባ ቱፋ መዳፋቸውን ጀርባዬ ላይ አሳረፉ። «ሂድ» አሉኝ፤ «ዛሬ ወደ ሁለቱም መንገዱ አንድ ነው።»

እንዴት እንደ ሮጥኩ አትጠይቁኝ። እሾህ ይውጋኝ፣ ድንጋይ ይምታኝ አላውቅም። እናቴ በቅሎዋ ሳትቆም ዘላ ወረደች፤ አባቴ ልጓሙን ለቀቀ። የማን ደረት ላይ መጀመሪያ እንደ ደረስኩ ኋላ ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ እኔም ለአንዳቸውም ምስክር አልሆንኩም።

ከወይራው ሥር፣ በፊት እንደ ነበረው፣ አባቴ ቀኝ እጄን፣ እናቴ ግራ እጄን ያዙ። መንደሩ ሁሉ ከቦናል። አባባ ቱፋ ከበሩ በላይ እጃቸውን ሰደው ሰርዶውን አወጡ፤ ጢስ ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ደርቋል፣ ግን አልተፈታም። ለሁለቱም ሰጧቸው። አንድ ልጅ ተቀብያለሁ፣ አንድ ልጅ መልሻለሁ፤ ጠጉሩን ሎሚ ናት የላጨችው፣ በዚያ አትያዙኝ አሉ። ሰው ሁሉ ሣቀ። ከዚያ አደራ ጠባቂ የመጨረሻ ቃል አለው አሉና ተናገሩ፦ ትምህርት ቤቱ ሰበታ ነውና ልጁ በትምህርት ከእናቱ ይሁን፤ ሣር ሲታጨድና ትምህርት ሲዘጋ ሱሉልታ ከአባቱ ይሁን፤ በማርያም ቀን ግን የእኛ ነው። አሜን ተባለ። አኮ ሎሚ አሜኑን ስትል ድምፅዋ ከሁሉ ይበልጥ ነበር።

አባቴ ያን ጊዜ የፍርዱን ወረቀት ከደረት ኪሱ አወጣ። ሊቀደው መስሎኝ ነበር። ማኅተም ያለበት ወረቀት አይቀደድም። አንዱን ጫፍ ለእናቴ አስያዘ፣ ሌላውን ራሱ ያዘ፣ ሁለቱም ለአባባ ቱፋ ዘረጉላቸው። በልጁ ፈንታ ይህን በአደራ ያስቀምጡልን አላቸው። አባባ ቱፋ በምን ቃል ልማል ብለው ጠየቁት። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ግን ቀድማ የተናገረችው እናቴ ናት። «ሁለታችን አብረን ካልመጣን ለአንዳችን እንዳይሰጡ» አለች። አባቴም ራሱን እየነቀነቀ፣ ዳኛ ቢልም የምትለዋን ረሳሻት አላት። አባባ ቱፋ ወረቀቱን አጣጥፈው ሰርዶው በነበረበት ቦታ ሻጡት። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም ስሜን አከታትለው ጠሩኝ። ደምሴ፣ ገመቹ አሉኝ። አቤት፣ አቤት አልኩ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ልጅነቴ ሦስት ቤት የነበረው ነው። ትምህርቱን ብዙ አልገፋሁበትም፤ የድርቆሹ ሽታ ሳበኝ፣ ከአባቴ ጋር በቅሎ መጫን ወደድኩ። ግን በዚያች ትንሽ መደብ ላይ እግሬ ከጫፏ እስኪተርፍ ተኝቼባታለሁ።

ዛሬ ሦስቱ ከተሞች ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም። እናቴ ግማሽ ቀን የምትሄደውን መንገድ መኪና እያንቀላፋ ይጨርሰዋል። ሣር ይታጨድ የነበረበት ሜዳ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ሽታውም እንዲህ በመኪና ሲያልፍ ካልሆነ የለም። የሚፋቱ ወጣቶችን እሰማለሁ፤ ልጁን በስልክ ይከራከሩበታል፣ አንዱ ሰፈር በር ላይ አውርደውት መኪናውን ሳያጠፉ ይሄዳሉ። አልፈርድባቸውም፤ የእኔዎቹም ጀማሪዎች ሳሉ ከዚህ አይሻሉም ነበር። ብቻ አንዳንዴ፣ ምነው አንድ ቀርፋፋ ሽማግሌ በመካከላቸው በኖረ እላለሁ።

አባባ ቱፋ ካረፉ በኋላ ልጃቸው የሣር ክዳኑን አንሥቶ ቆርቆሮ ሲያለብስ ወረቀቱ ከበሩ በላይ ወደቀ። እንደ ቡና ቆሎ ጠቁሯል፤ ማኅተሙ ብቻ እንደ ነበረ ነው። የአንተ ነገር ነውና ውሰደው ብሎ አመጣልኝ። አባቴ ያኔ ሱሉልታ፣ እናቴ ሰበታ አርፈዋል። በሕይወት ሳሉ በየማርያሙ እዚያ ደጅ ይገናኙ ነበር፣ ጭኮና ማር ይለዋወጡ ነበር፤ ያን ወረቀት ግን አንድም ቀን አብረው መጥተው አልጠየቁም። እኔም ለብቻዬ መውሰድ አልችልም አልኩት። መሰላል አስመጥቼ በራሴ እጅ ከቆርቆሮው ሥር፣ ከበሩ በላይ፣ መለስኩት። እዚያው ነው።